ሳሙና የነካው ጠርሙስ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የዩኒቨርሲቲውን ብልቃጥና ጠርሙስ ሲያጥቡ የኖሩ ሴት፣ የምክር ቤት ሰዎች ላቦራቶሪውን ሊያዩ የመጡ ዕለት ምን ተብለው ቢተዋወቁ ጥሩ ነው? ዲኑ በሩ ላይ ቆመና እጁን ዘርግቶ «ይሄ ደግሞ ማጠቢያ ክፍላችን ነው» አለ። አለቀ። ገንዳውን አሳየ፣ ቧንቧውን አሳየ፣ ጠርሙሶቹ ተዘቅዝቀው የሚደርቁበትን መደርደሪያ አሳየ። በገንዳውና በመደርደሪያው መካከል ነጭ ጋዋናቸውን ተኩሰው፣ ፀጉራቸውን ሸብ አድርገው የቆሙትን ሰው ግን ከቧንቧው አንዱ አድርጎ አለፋቸው።

እማማ ብልቃጥ ነው የሚሏቸው። ስሙን ያወጡላቸው ድሮ የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። እሳቸውም አልጠሉትም። «ብልቃጥ ውስጡ ያለው ከውጭ ይታያል፤ የሚደብቀው የለውም» እያሉ ይኮሩበት ነበር። ያኔ ነው ይሄ።

ሥራቸውን የሚጠራጠር ሰው ሲያጋጥማቸው አይከራከሩም። ጠርሙሱን ያነሱና በእርጥብ አውራ ጣታቸው አንገቱን ያሹታል። ጭጭ ካለ አልጠራም፤ ጢው ብሎ ከጮኸ ጠርቷል። «ይኸው! ከዚህ ወዲያ ምን ላድርግልህ፣ ልላሰው?» ስንቱ ፕሮፌሰር በዚያች ጩኸት አፉን ይዞ ወጥቷል።

የምክር ቤቱ ሰዎች ሰባት ነበሩ። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሳይንስ ምርምር በየዓመቱ በጀት እንዲመደብ የሚያዝ አዋጅ ረቂቁ እጃቸው ገብቷል፤ ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት በዓይናቸው ሊያዩ ነው የመጡት። ይህ ላቦራቶሪ የተመረጠው ደግሞ በዶክተሯ ምክንያት ነው። ከከተማው በታች ያለው ሐይቅ ለምን አረንጓዴ ቆዳ እንዳወጣ፣ ዓሣውም ለምን ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ እንደሚንሳፈፍ ያገኘችው እሷ ናት። ቀጭን፣ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ የምትረሳ፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ ልጅ ናት።

ሰብሳቢው ሁሉንም እያየ ራሱን ሲነቀንቅ ቆየና ድንገት ቆመ። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ የሒሳብ መምህር ነበርኩ፤ ነገር ማጣራት እወዳለሁ። ሐይቁን አሳመመው የሚሉት ይሄ ፎስፌት የመጣው ከሐይቁ ይሁን ከጠርሙሱ በምን ያውቃሉ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች ዶክተሯ፣ ደስ ብሏት። «ፎስፌት ሳሙና ውስጥ አለ። የሐይቁን ውሃ የምንቀዳበትን ጠርሙስ አንዴ ሳሙና ከነካው አለቀለት። ሳሙናው መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ አሥር ጊዜ ቢለቀለቅ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ በኋላ የምንለካው ሐይቁን መሆኑ ይቀርና ሳሙናውን ይሆናል። ስለዚህ እነዚህ ሰማያዊ ክዳን ያላቸው ጠርሙሶች ሳሙና አይተው አያውቁም። አሲድ፣ ከዚያ የተጣራ ውሃ፣ በቃ። መመሪያው ይኸው፣ ከገንዳው በላይ ከተለጠፈ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሚያጥበው ሰው ፈርሞበታል።» ዘወር አለች። «የሚያጥቡልን እማማ ናቸው። አይደል፣ እማማ?»

ያን ጊዜ ነው ሰባቱም ያዩዋቸው። ቅድም ቧንቧ የነበሩት ሴትዮ ባንድ ጊዜ ምስክር ሆነው አረፉት።

እማማ ብልቃጥ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«አዎ» እንኳ አላሉም። ነቀነቁ ብቻ። ሰብሳቢውም ረክቶ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጫረና ሁሉም ተያይዘው ወጡ።

እማማ ብልቃጥ ወደ መደርደሪያው ዞሩ። ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ከአሮጌ ጓንቶች ሥር፣ አንድ የወተት ቆርቆሮ አለ። በቆርቆሮው ውስጥ የልብስ ሳሙና ዱቄት አለ። ያንን ዱቄት፣ ባለሰማያዊ ክዳኖቹ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሲጠጡት ኖረዋል።

እንዴት እንደሆነ እነሆ። ዶክተሯ ከመምጣቷ በፊት ክፍሉ የድንጋይ አጥኚዎች ነበር። የድንጋይ አጥኚ ሳሙና አይፈራም፤ ቢያገኝ ካልሲውንም ያጥብበታል። ዶክተሯ የሐይቁን ሥራ ይዛ ስትመጣ አንድ ቴክኒሻን አብሯት መጣ። እማማ ብልቃጥ «መነጽር» ይሉታል፤ መነጽሩን ካወለቀ ከግድግዳ ጋር ሰላም የሚባባል ሰው ነው። እሱ ነው ወረቀቱን የለጠፈው።

«እማማ፣ አዲሱ የአጠባ መመሪያ ነው። አንብበው እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ።»

እማማ ብልቃጥ ፊደል አይለዩም። ፊርማ ግን አላቸው። ሥራ የገቡ ሰሞን አንዲት ጸሐፊ ያስተማረቻቸው፣ የተጠቀለለ ክር የመሰለ፣ መጨረሻው ላይ ጅራቱን የሚቆላ ውብ ፊርማ ነው። ዲኑ ራሱ እንደዚያ አይፈርምም። ቀና ብለው ወረቀቱን አዩት፤ ዓይናቸውን ከላይ እስከ ታች አንሸራተቱበት፤ አንድ ቦታ ላይ እንደተገረመ ሰው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ፈረሙ።

«ያልገባዎት ነገር አለ?»

«አንተ ሳትወለድ እኔ ዕቃ አጥብ ነበር። ምን ያልገባኝ ይኖራል?»

«አይ፣ ደንብ ስለሆነ ነው።»

«ደንቡን አድርሰሃል። ሂድ አሁን፣ ወለሉ እርጥብ ነው፤ ትወድቅና ደግሞ እኔን ያስጠይቁኛል።»

መነጽርም በአፉ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባለሰማያዊ ክዳኖቹ አሲድ ውስጥ አድረው በተጣራ ውሃ ይለቀለቁ አለ። ሳሙናን አላነሳም። ምን ብሎ ያነሳል? ወረቀቱ ላይ በቀይ፣ በትልቁ ተጽፏል። እማማ ብልቃጥም ያንን ቀይ በየሳምንቱ አቧራውን ይጠርጉለት ነበር። ያምራል ይሉ ነበር እንዲያውም።

አሲዱን እንደታዘዙት አደረጉ። ነገር ግን አሲድ ውስጥ አድሮ የወጣ ጠርሙስ አላማራቸውም። ይሸታል፣ ጣት ይለበልባል። «ይቺ ምስኪን ልጅ ይሄን በባዶ እጇ ይዛ ሐይቅ ልትወርድ?» አሉ ለራሳቸው። ስለዚህ ከአሲዱ በኋላ አንድ ቁንጥር ሳሙና፣ በብሩሽ ዙሪያውን፣ ከዚያ በቧንቧ ውሃ ሦስቴ፣ በተጣራ ውሃ ሦስቴ። ጢው! ማንም አላዘዛቸውም። ለማንም አልነገሩም፤ የዩኒቨርሲቲው ሳሙና ውሃ ውሃ ስለሚላቸው ከራሳቸው ቤት ነበር የሚያመጡት። ከቤት እንኳ አይደለም። ከታናሽ እህታቸው ነው።

ታናሽ እህታቸው ልብስ አጣቢ ናት። በሐይቁ ዳር አጣቢዎች በሙሉ የየራሳቸው ድንጋይ አላቸው። የእሷ ከእናታቸው የወረደ ነው፤ መሃሉ ከመታሸት ብዛት ጎድጉዶ፣ ሰው የተኛበት ትራስ ይመስላል። የዶክተሯ ጥናት ወጥቶ ሐይቁን ያሳመመው ሳሙና ነው ሲል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጊዜ አላጠፋም። በሐይቁ ዳር ሳሙና ይዞ የሚቀመጥ ማነው? ገመድ ተወጠረ፣ ዘበኛ ቆመ፣ ድንጋዮቹም እንደ ወንጀለኛ በጭነት መኪና ተጭነው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ተወሰዱ። አዋጁ ራሱ መግቢያው ላይ ይሄንኑ አስገባ፤ «የልብስ አጣቢዎች ሳሙና ሐይቁን እየገደለ መሆኑን ምርምር ስለደረሰበት» ይላል፤ ምርምር ምን እንደሚጠቅም ማሳያ መሆኑ ነው።

ያን ሰሞን እህትየው ወንድ ልጅ እንደሞተባት ሆና እያለቀሰች መጥታ ነበር። «ቁጥሩን ተሳስተው ቢሆንስ፣ እትዬ?» አለች።

እማማ ብልቃጥ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ጠርሙሶቹን የማጥባቸው እኔ ነኝ። ውሸት የለበትም።»

ይኸው አሁን ያ ቃላቸው ተመልሶ መጣባቸው።

በማግስቱ ጠዋት ቆርቆሮውን በጋዋናቸው ኪስ ከትተው ወደ ዶክተሯ ቢሮ ሄዱ። ዶክተሯ ረቡዕ በሚደረገው ይፋዊ ውይይት ላይ የምትናገረውን ትጽፍ ነበር። እርሳሱ ፀጉሯ ውስጥ ነው፤ የምትጽፈው በሌላ እርሳስ ነው።

«ልጄ፣ በሩን ልዝጋው።»

«ምነው እማማ፣ ደህና ነዎት?»

ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ይሄ ሳሙና ነው። ባለሰማያዊ ክዳኖቹን ያጠብኩበት።»

ዶክተሯ ሳቀች። «እማማ ደግሞ፣ በዚህ ሰሞን ልቤን አያውልቁት።»

«ቀልድ የማውቅ እመስልሻለሁ?»

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። መቼ መቼ እንዳጠቡ፣ እንዴት እንዳጠቡ ጠየቀች። ሁለት ዓመት፣ በየሳምንቱ፣ ሁሉንም። ስትሰማ ቆይታ፣ «ወረቀቱስ?» አለች ቀስ ብላ። «በቀይ ተጽፎ የለም? ፈርመውበት የለም?»

እውነቱን አፍረጥርጦ መገላገል የነበረው እዚህ ጋ ነው። ሳሙናውን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ችለዋል። ፊደሉን ግን ምላሳቸው እምቢ አለ።

«ረስቼው ነው» አሉ።

«ሁለት ዓመት?»

«አርጅቻለሁ አይደል።»

ከመሃይም መባል ማርጀት ተሻላቸው። አስቡት፤ ዕድሜያቸውን ለቀጣሪ እንኳ አምስት ዓመት ቀንሰው የሚናገሩ ሴት።

ዶክተሯ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ፣ ለእሳቸው ሳይሆን ለጠረጴዛው እንደሚናገር ሰው፣ «ባዶውን ጠርሙስ አልለካሁትም» አለች። «በታጠበ ጠርሙስ የተጣራ ውሃ ብቻ ሞልቼ መለካት ነበረብኝ፣ በየጊዜው። ጠርሙሱ ራሱ እንዳይዋሸኝ። መጀመሪያ ሰሞን አድርጌዋለሁ፤ ያኔ ጠርሙሶቹ ገና ከካርቶን የወጡ ነበሩ። ከዚያ መለኪያው ኬሚካል አለቀ። ሌላ ለመግዛት ስድስት ወር ጠብቂ አሉኝ፤ ባለቀ ቁጥር እንደዚያው ነው። የቀረችዋን ለሐይቁ ውሃ ቆጠብኳት።» ቀና አለች። «ደግሞ ቁጥሩ ሲወጣ ደስ አለኝ፣ እማማ። ሰው የሚሰማው ዓይነት ቁጥር ነበር። ልጠራጠረው አልፈለግኩም።»

«ሐይቁ ደህና ነው ማለት ነው?»

«አይደለም። አረንጓዴውን በዓይናችን እናየዋለን። ታሟል። ምን ያህል እንደታመመ፣ ማን እንዳሳመመው ግን አሁን አላውቅም። ምንም አላውቅም።»

ሁለቱም ቆርቆሮውን አዩት። ላዩ ላይ የሚስቅ ሕፃን ሥዕል አለበት።

«ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ ነው» አለች ዶክተሯ። «አሁን ብንናገር የምንጠፋው እኛ ብቻ አይደለንም። የልብ ሕመም የሚያጠኑት አሉ፣ ዘር የሚያዳቅሉት አሉ፣ ይሄን አዋጅ ስንት ዓመት የጠበቁ። አዋጁ ይለፍ። በማግስቱ እንደ አዲስ እለካለሁ፤ ስህተቴን በራሴ እጅ አርማለሁ። ጥቂት ቀን ነው። ጥቂት ቀን ዝም ይበሉልኝ።»

«እህቴስ?»

«እህትዎ ምን ሆኑ?»

«አጣቢ ናት። ድንጋይዋን ጭነው ወሰዱባት።»

ዶክተሯ ይሄን አታውቅም ነበር። «ጥቂት ቀን» አለች እንደገና፣ ድምጿ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

እማማ ብልቃጥ እሺ አሉ። በዕድሜያቸው እንደዚያ ቀን ቶሎ እሺ ብለው አያውቁም። ለልጅቷ አዝነው ነው ብለው ራሳቸውን ሊያታልሉ ሞከሩ፤ ራሳቸውን ማታለል ግን ለሌላ ሰው እንደሚቀለው አይቀላቸውም። ዝምታው ለእሳቸውም ይመች ነበር። ዝም ካሉ ማንም ስለ ወረቀቱ ሁለተኛ አይጠይቃቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን አልገፋ አለ። ጠርሙስ ሲያሹ ጢው ሲል ይደነግጣሉ። መነጽር መጥቶ «እማማ፣ ዛሬ ምነው ዝም አሉ፣ ታመዋል እንዴ? የሚሰድበኝ ሰው ሳላገኝ ዋልኩ» አላቸው። «ሂድ ወዲያ፣ ስድብም ለሚገባው ነው» አሉት። የሚገባው ማን እንደሆነ እያወቁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለእህታቸው ዳቦ ገዝተው ሄዱ። ግቢዋ ውስጥ፣ ድሮ በአንሶላና በሸሚዝ ብዛት ሰው የማያሳልፈው የልብስ ገመድ ባዶውን ተወጥሯል። ትልቁ ሳፋ ተደፍቶ ድመት ተኝታበታለች። እህትየው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ! እጄን እዪው» አለች ገና ከሩቅ፣ መዳፏን ዘርግታ። ዕድሜዋን ሙሉ ተሰነጣጥቆ የኖረ ቆዳ ድኗል፤ ለስልሷል። «የእመቤት እጅ ሆነልኝ አይደል? ባል ልፈልግበት ነው።»

ሳቁ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እህትየው ዳቦውን ሳትቆርስ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እትዬ። አትሳቂብኝ።»

«በይ።»

«ዓሣ ሲሞት ያመዋል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ደግሞ ይሄ?»

«እነዚያ ተገልብጠው የሚንሳፈፉት። ሥራ ስፈታ ጊዜ እነሱን ነው የማስበው። እናታችን እዚያ ነው ያጠበችው፤ እኔ እዚያው አርባ ዓመት። ስንቱን ገድዬ ይሆን? ውሃው ያበላኝ ነበር፤ እኔ ሳሙና አጠጣው ነበር ለካ። አሁን በሐይቁ በኩል ማለፍ አፈርኩ፤ እዞራለሁ።»

«ማነው አንቺ ገደልሽ ያለሽ?» ጮኹ እማማ ብልቃጥ፤ ድመቷ ከሳፋው ላይ ዘለለች።

እህትየው በመገረም አየቻቸው። «አንቺ ነሻ። ጠርሙሱን የማጥበው እኔ ነኝ፣ ውሸት የለበትም አላልሽኝም? ሌላ ሰው ቢለኝ አላምንም ነበር።»

እዚያው፣ ዳቦው ሳይቆረስ፣ መናገር ነበረባቸው። አልተናገሩም። ሊሄዱ ሲነሱ እህትየው ቤት ገባችና በፌስታል የተቋጠረ ነገር ይዛ ወጣች።

«ሳሙና ነው። አንቺ እንኳ ሥራ አለሽ፤ እኔ ምን አደርግበታለሁ አሁን? ውሰጂው።»

ወሰዱት። ከእህታቸው እጅ ተቀበሉና «ይስጥልኝ» አሉ። መንገዱን ሙሉ ፌስታሉ ያቺን የእናታቸውን ድንጋይ የሚያክል ሆነባቸው። ሁለቴ መንገድ ዳር ቁጭ አድርገው ሊሄዱ ሞከሩ፤ ሁለቴም ተመልሰው አነሱት።

ረቡዕ ጠዋት ጋዋናቸውን ተኮሱ። ፌስታሉን ይዘው ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ ሄዱ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ጋዋኑን አየና በትህትና፣ «እናቴ፣ የጽዳት ሠራተኞች መግቢያ በጓሮ ነው» አላቸው።

«ላጸዳ መጥቼ ነው፣ ልክ ነህ» አሉት። «ግን የዛሬው በፊት በር ነው።» አለፉት።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሰባቱ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ ዶክተሯ ከታች ማይክራፎን ፊት ናት። ተናግራ ጨርሳለች፤ ሰው ያጨበጭባል። እሷ ግን ጭብጨባውን እንደ ዝናብ አንገቷን ደፍታ ነው የምታሳልፈው። ሰብሳቢው «ሌላ አስተያየት ያለው?» አለ፤ እንደሌለ እያወቀ፣ ወረቀቱን እየሰበሰበ።

«አለ» አሉ እማማ ብልቃጥ።

ዶክተሯ ዞራ አየቻቸው። ፊቷ ዓመድ መሰለ። ቀጥሎ ግን፣ ይሄንን ለእሷ መመስከር ይገባል፣ ወንበሯን ለቀቀችና ማይክራፎኑን ወደ እሳቸው ዝቅ አደረገችው።

«ባለፈው ማጠቢያ ክፍል የነበርኩት ነኝ» አሉ። «ታስታውሱኝ እንደሆነ። ሳሙና አይነካቸውም ስትባሉ ራሴን የነቀነቅኩት። ዋሽቼ ነው። በየሳምንቱ ሳሙና ነክቷቸዋል። ይኸው ሳሙናው፤ እህቴ ናት የሰጠችኝ፣ ድንጋይዋን የወሰዳችሁባት አጣቢ። ቁጥሩ የሐይቁ አይደለም፤ የእኔ ነው።»

አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ ተነሳ። ዶክተሯም ወደ ማይክራፎኑ ጎንበስ አለች። «እውነት ነው። እኔም ባዶውን ጠርሙስ መለካት ሲገባኝ አልለካሁም። ካወቅኩ ደግሞ ቀናት አልፈዋል። ዝም ይበሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ከሰባቱ አንዱ፣ ባለ ሰፊ ከረባቱ፣ ጠረጴዛውን መታ። «ታዲያ ይሄ አዋጅ የቆመው በሳሙና አረፋ ላይ ነዋ! የዕቃ አጣቢ ነገር ያፈረሰው ምርምር ምን ይባላል? ይጣል!»

«አንተ ደግሞ ቆይ» አሉት እማማ ብልቃጥ። «የምጥለውን እኔ አውቃለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የቆሸሸ ውሃ ስደፋ ኖሬያለሁ። ብልቃጡን ግን ከውሃው ጋር ጥዬ አላውቅም። መለኪያው ቢኖር ኖሮ እኔ በሳምንቴ እያዝ ነበር። ይቺ ልጅ ኬሚካል ስድስት ስድስት ወር ስትጠብቅ ነው እኔ ሁለት ዓመት የተደበቅኩት። ምርምሩን ከጣልክ ሐይቁን ማን ሊያይልህ ነው? አንተ? ከረባትህን ነክረህ?»

ከኋላ የሚስቅ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ሰብሳቢው እጁን አንስቶ ዝም አሰኘ። የድሮው መምህር ተመልሶበት ነበር፤ ቁጣ ሳይሆን ጥያቄ ነው ዓይኑ ውስጥ ያለው። «እናቴ፣ አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። መመሪያው በቀይ ተጽፎ ከፊትዎ ነበር። ፈርመውበታልም ተብሏል። ለምን ተላለፉት?»

እማማ ብልቃጥ ማይክራፎኑን በሁለት እጃቸው ያዙት። ዶክተሯ ጎናቸው ቆማለች፣ መነጽር ሦስተኛው ረድፍ ላይ መነጽሩን እየጠረገ ነው። «ረስቼው» የምትለው ቃል ተዘጋጅታ ጥርሳቸው ላይ ቆማ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ያለ ቃል አጥተው አያውቁም፤ መነጽሬን ጥዬ መጥቼ፣ ዓይኔን አሞኝ፣ ኋላ አየዋለሁ። ለስላሳዋ የእህታቸው መዳፍ ትዝ አለቻቸው።

«ማንበብ አልችልም» አሉ። «ከመቻል ይልቅ መምሰል ቀለለኝ። ማንም ምን ይላል ብሎ አንብቦልኝ አያውቅም፤ እኔም አንብቡልኝ ብዬ አላውቅም። የእነሱን ጥፋት እነሱ ያውቃሉ። የእኔ ኩራቴ ነው፤ በኩራቴ እህቴን አስከሰስኳት፤ ከሳሽ ደግሞ ራሴ ነበርኩ። አሁን ዓሣ ገደልኩ ብላ በሐይቁ ዳር ማለፍ አፍራለች። እኔ ነኝ ማፈር ያለብኝ። ይሄንኑ ልል ነው የመጣሁት።»

ሰብሳቢው በአዋጁ መግቢያ ላይ ያለው የአጣቢዎቹ መስመር እንዲነሳ፣ የማዘጋጃ ቤቱም ትእዛዝ እንደገና እንዲታይ፣ ሐይቁም እንደ አዲስ እንዲለካ፣ የሴትዮዋም ቃል ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ለጸሐፊው ተናገረ። ጸሐፊው ጣቶቹ እየተሯሯጡ ጻፈ። ስለ ሐሙሱ ድምፅ ግን ማንም ምንም አላለም፤ ባለ ከረባቱ ከጎኑ ካለው ጋር ይንሾካሾክ ጀምሯል። የታተመው ወረቀት እማማ ብልቃጥ ፊት ቀረበ፤ ብዕር ተከትሎ መጣ።

«እዚህች ጋ ይፈርሙልን፣ እናቴ» አለ ሰብሳቢው።

ብዕሩን ያዙ። እጃቸው መንገዱን ያውቃል፤ ያቺ የተጠቀለለች ክር ልትወጣ ጀምራ፣ የመጀመሪያዋ ቀለበት ወረቀቱ ላይ አርፋ ነበር። ጅራቷ ጋ ሳትደርስ ቆሙ። ብዕሩን አስቀመጡና ወረቀቱን በጣታቸው ወደ ሰብሳቢው መልሰው ገፉት።

«አልፈርምም» አሉ። «ያላነበብኩትን ፈርሜ ነው እዚህ የደረስነው። አንተ አስተማሪ ነበርኩ ብለሃል፣ ልጄ፤ እንግዲያው ተነስና ከመጀመሪያው ጀምር፣ አንድ ቃል ሳትዘል፣ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ አድርገህ አንብብልኝ። የእህቴ ድንጋይ ወደ ቦታው ይመለሳል የሚለውን ሁለቴ አንብበው። ከሌለበት ደግሞ፣ እኔ ቆሜ ነው የምጠብቅህ፣ አሁኑኑ ጻፍና አንብበው።»